የታሰረ ተጫዋች ውሉ መቼ ይፈርሳል?

ቦዲቲ ላይ ፀሐይ ወደ ዳሞታ ተራራ ማዘንበል ስትጀምር ሜዳው በወጣት ይሞላል። ከሶዶ ወደ ሐላባና ሻሸመኔ በሚዘልቀው አስፋልት ባጃጆች ይመላለሳሉ፤ ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ኳስ ይጫወታሉ። አንዱ ታኬታ አድርጓል፣ ሌላው ኮንጎ ጫማ፣ ሦስተኛው በባዶ እግሩ ነው። ማሊያቸው የአርሰናልና የማንቸስተር ነው፤ ወሬያቸው ግን ስለ ድቻ ነው። ሶዶ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። ወላይታ ድቻ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን ያነሳ፣ በ2010 ዓ.ም. በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ ያሰናበተ ክለብ ነው። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን የነበረው የቦዲቲ ልጅ ሳይቀር ታሪኩን በቃሉ ይናገረዋል።

እነዚህ ልጆች የሚጠብቁት አንድ ቀን ነው፤ የሚፈርሙበትን ቀን። እገሌ ፈረመ ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ወሬውን ይሰማል፤ እናት ትመርቃለች፣ ታናናሾች ይኮራሉ፣ አበዳሪም ተስፋ ያደርጋል። ወረቀቱ ራሱ ግን ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ማህተም አለ፣ የማህተም ቀለም አለ፣ እስክሪብቶ አለ። ልጁ በወረቀቱ ላይ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የፊርማው ገንዘብ፣ ወርሃዊው ደመወዝ፣ የውሉ ዘመን። እነሱን ካገኘ በኋላ ገጹን ያገላብጥና ጣት ወደጠቆመለት ቦታ ስሙን ያኖራል። በመካከል ያለውን የግዴታ አንቀጽ የሚያነብ ጥቂት ነው። ተጫዋቹ የክለቡን መልካም ስም የሚያጎድፍ ነገር እንዳይፈጽም የሚያዘው ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ያ ሐረግ የሚነሳው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ማታ በሞተር ብስክሌት ሰው ተገጨ ይባላል። መጠጥ ቤት ጠብ ተነስቶ ፖሊስ ይመጣል። ሻንጣ ሲፈተሽ የተከለከለ ነገር ይገኛል። ወይም ሚስቱን ደበደበ ተብሎ ይከሰሳል። ተጫዋቹ ጣቢያ አድሮ ሲነጋ የክለቡ ቦርድ ይሰበሰባል፤ ደጋፊው ይጮኻል፣ ፌስቡክ ይጮኻል። ቦርዱ በዚያ ቀን ውሉን ቀዶ መጣል ይችላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ፈጥጦ የወጣው እኛ በማንጫወተው ስፖርት፣ በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ውስጥ ነው። ታሪኩን ወደ ቦዲቲ የማመጣው ለወሬ አይደለም። አንድ ክለብ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ተጫዋቾቹ በሕግ ተይዘውበት ለአንዱ አንድ መስፈሪያ፣ ለሌላው ሌላ መስፈሪያ ተጠቀመ። የዚያን ልዩነት ዋጋ ዛሬም ድረስ እየከፈለ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ የበረዶ ሆኪ በየቡድኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው በበረዶ ላይ የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው። ከጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ዲስክ በዱላ እየገፉ ጎል ለማስገባት ይሻማሉ፤ ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ብሔራዊው የሆኪ ሊግ፣ በአጭሩ ኤን ኤች ኤል የሚባለው፣ የአሜሪካና የካናዳ ክለቦችን ያቀፈ ነው። በዚህ ሊግ ሁሉም ተጫዋች የሚፈርመው አንድ ዓይነት መደበኛ ውል ነው። ክለቡና ተጫዋቹ የሚደራደሩት በገንዘቡና በዘመኑ ላይ እንጂ በግዴታዎቹ ላይ አይደለም። በዚያ መደበኛ ውል ውስጥ ተጫዋቹ በሜዳም ከሜዳ ውጭም በከፍተኛ የሐቀኝነትና የሥነ ምግባር ደረጃ ለመኖር፣ ክለቡንና ሊጉን ከሚጎዳ ድርጊት ለመራቅ ቃል ይገባል። ሌላ አንቀጽ ደግሞ ተጫዋቹ ውሉን በከባድ ሁኔታ ከጣሰ ክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። የከባድ ጥሰት መለኪያው ምንድን ነው? ውሉ ዝርዝር አይሰጥም። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ማይክ ሪቻርድስ ተራ ተጫዋች አልነበረም። የፊላደልፊያ ፍላየርስ አምበል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከካናዳ ብሔራዊ ቡድን ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቋል፤ ወደ ሎስ አንጀለስ ኪንግስ ከተዛወረ በኋላ በ2012 እና በ2014 ስታንሊ ካፕ የተባለውን ትልቁን ዋንጫ አንስቷል። ገና በወጣትነቱ የፈረመው ውል የ12 ዓመት፣ የ69 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ረጅም ውል ሲፈረም ሁለቱም ወገን ይደሰታል፤ ዓመታቱ ሲገፉና እግር ሲከብድ ግን ደስታው የአንዱ ወገን ብቻ ይሆናል። ሪቻርድስም ብቃቱ ወረደ። በ2015 መጀመሪያ ኪንግስ ወደ ታችኛው ሊግ ላከው። ውሉ ግን ገና አምስት ዓመትና 22 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶት ነበር።

ኪንግስ ከዚህ ውል በሰላም የሚወጣበት በር ነበረው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2014 ክረምት፣ ሊጉ ለክለቦች በሰጠው ልዩ ፈቃድ ተጠቅሞ የደመወዝ ጣሪያው ሳይነካበት ሊያሰናብተው ይችል ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ዲን ሎምባርዲ ግን ዋንጫ ያነሳልኝን ልጅ አልጥልም ብሎ አቆየው። ይህ ታማኝነት የሚመሰገን ነው፤ ሰው ሰውን በችግሩ ጊዜ ሲይዘው ማየት በስፖርት ንግድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። በሩ ግን ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በመደበኛው መንገድ ማሰናበት ማለት ከቀሪው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን በቀሪው ዘመን እጥፍ፣ ማለትም በአሥር ዓመት፣ እየከፋፈሉ መክፈል ነው።

ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ሪቻርድስ በካናዳ ማኒቶባ ግዛት፣ ኤመርሰን በሚባለው የድንበር ኬላ ላይ ተያዘ። ጉዳዩ ኦክሲኮዶን የተባለ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መያዝ የማይፈቀድ የሕመም ማስታገሻ ነበር። ኬላ ማለት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ መኪና ይቆማል፣ ወረቀት ይታያል፣ ሻንጣ ይከፈታል። ነገሩ ወዲያው ለሕዝብ አልተሰማም። አሥራ ሁለት ቀን አለፈ። ሰኔ 22 ቀን ኪንግስ ሪቻርድስ ውሉን በከባድ ሁኔታ ስለጣሰ ውሉ መቋረጡን አስታወቀ። በዚያን ቀን በተጫዋቹ ላይ ፍርድ አልነበረም። ክስ እንኳ ገና አልተመሠረተም ነበር፤ የተመሠረተው ነሐሴ ላይ ነው።

አሁን የሁለተኛውን ተጫዋች ታሪክ ከአጠገቡ እናስቀምጠው። ስላቫ ቮይኖቭ የኪንግስ ተከላካይ ነበር፤ ሩሲያዊ፣ ወጣት፣ በብቃቱ ጫፍ ላይ ያለ፣ የስድስት ዓመትና የ25 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ። ጥቅምት 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በሚስቱ ላይ ጥቃት በመፈጸም ተጠርጥሮ ታሰረ። ሊጉ በዚያው ቀን ከጨዋታ አገደው፤ ደመወዙ ግን አልተቋረጠም። ወራት አለፉ፣ ክስ ተመሠረተ፣ ክርክር ተደረገ። ሰኔ 25 ቀን 2007 ዓ.ም. ክሱን ሳይከራከር በቀላል ወንጀል ደረጃ ተቀበለና 90 ቀን እስራት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ የኢሚግሬሽን ጉዳይ መጣ፤ መስከረም ውስጥ አገሩ ለመመለስ መወሰኑ ተሰማ፣ ከኪንግስ ጋር የነበረውም ውል አከተመ። ቮይኖቭ ቅዱስ ፒተርስበርግ ሄዶ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የክረምት ኦሎምፒክ ከሩሲያውያኑ ቡድን ጋር ወርቅ አገኘ። ወደ ሰሜን አሜሪካ ልመለስ ሲል ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገና አገደው።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን አነጻጽር። በሰው ላይ፣ ያውም በገዛ ሚስቱ ላይ ጥቃት በመፈጸም የተከሰሰው ተጫዋች ፍርድ ሳያገኝ ለወራት ደመወዙ እየተከፈለ ቆየ። ክኒን ይዞ ኬላ ላይ የተገኘው በአሥራ ሁለት ቀን ተባረረ። ልዩነቱ የወንጀሉ ክብደት አይደለም። ልዩነቱ አንደኛው ክለቡ የሚፈልገው ተጫዋች፣ ሌላኛው ደግሞ ክለቡ ከደመወዝ መዝገቡ ላይ ሊፍቀው የሚፈልገው ተጫዋች መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ታዛቢ ያለው ይህንኑ ነው፤ እኔም ከዚህ ሌላ ትርጉም አላገኘሁለትም። ኬላው ላይ የደረሰው ነገር እውነተኛ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ክለቡ ግን የተጠቀመበት እንደ ምክንያት ሳይሆን እንደ መውጫ በር ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የገንዘቡን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። በኤን ኤች ኤል እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾች ደመወዝ ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015/16 የውድድር ዘመን 71.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሪቻርድስ ውል ከዚህ ላይ በየዓመቱ 5.75 ሚሊዮን ይወስድ ነበር። ውሉ "በጥፋት ምክንያት" ከፈረሰ ክለቡ የቀረውን 22 ሚሊዮን አይከፍልም፣ ቦታውም ነጻ ይወጣል። ለዚህ ነው አንድ ተጫዋች ሲታሰር የክለቡ ሒሳብ ሹም ከጠበቃው እኩል የሚጠራው።

የማቋረጡ ሥርዓትም የራሱ ደረጃ አለው። ክለቡ ተጫዋቹን ያለ ቅድመ ሁኔታ ለሌሎች ክለቦች ክፍት ያደርገዋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ውሉን ከነዕዳው ልውሰድ የሚል ከሌለ ውሉ ይቋረጣል። ተጫዋቹ ደግሞ በተጫዋቾች ማኅበሩ በኩል ቅሬታ ያቀርባል፤ ጉዳዩን የሚያየው ክለቡም ሊጉም ያልሆነ ገለልተኛ ዳኛ ነው። የተጫዋቾች ማኅበሩ ለሪቻርድስ የቆመው የሰውየው ጠባይ ስላስደሰተው አይደለም። አንድ ክለብ በእስር ወሬ ብቻ 22 ሚሊዮን ዶላር መሰረዝ ከቻለ ነገ የማንም ውል እንደማይጸና ስለገባው ነው።

ጉዳዩ ዳኛው ፊት ሳይደርስ መስከረም 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። እንደተዘገበው ክለቡ ለሪቻርድስ በድምሩ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ክፍያውም ተከፋፍሎ እስከ 2031/32 የውድድር ዘመን ይዘልቃል። በእኛ አቆጣጠር እስከ 2024 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሪቻርድስ ራሱ ታኅሣሥ ወር ላይ ከዋሺንግተን ክለብ ጋር ለአንድ ዓመት በ1 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ጥቂት ተጫወተና ከስፖርቱ ወጣ። ኪንግስ ግን ከሜዳ ለራቀ ሰው በየዓመቱ መክፈሉን ቀጥሏል። የአሥራ ሁለት ቀን ችኮላ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሚቆይ ዕዳ አስከተለ። ክለቡ ሙሉውን 22 ሚሊዮን አለመክፈሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ያደረገው ነገር በሕግ ፊት እንደማይቆም ራሱ ባያምን ኖሮ አንድም ሳንቲም አይከፍልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ነገር በሊጉ ተደጋግሟል። በ2015 ዓ.ም. አሌክስ ጋልቼንዩክ የተባለ አጥቂ ሰኔ 24 ቀን ለአሪዞና ካዮቲስ ፈረመ፤ ሐምሌ 2 ቀን ታሰረ፤ ሐምሌ 7 ቀን ውሉ ፈረሰ። የ775 ሺህ ዶላር ውል ስለነበር የኪንግስን ያህል አላነጋገረም፤ ተጫዋቹም ይቅርታ ጠይቆ ሊጉና ማኅበሩ በጋራ ወደሚያካሂዱት የድጋፍ ፕሮግራም ገባ።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ግን በእግር ኳስ ውስጥ ነው፤ የቦዲቲ ልጅም በስም ያውቀዋል። ቤንጃሚን ሜንዲ የማንቸስተር ሲቲ ተከላካይ ሳለ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በከባድ የአስገድዶ መድፈር ክስ ታሰረ። ክለቡ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ደመወዙን ሙሉ በሙሉ አቆመ። ሜንዲ እ.ኤ.አ. በ2023 በሁለት የፍርድ ሂደት ከሁሉም ክሶች ነጻ ተባለ። ከዚያም ክለቡን በሥራ ክርክር ችሎት ከሰሰ፤ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ችሎቱ ከጠየቀው 11 ሚሊዮን ፓውንድ አብዛኛው ይገባዋል ብሎ ወሰነ። ዳኛዋ ሂሳቡን ለያይተው ነው ያዩት፦ በእስር ቤት የነበረባቸውን ጥቂት ወራት በተመለከተ ክለቡ ያለመክፈል መብት ነበረው፤ በዋስ ወጥቶ ለመጫወት ዝግጁ በሆነባቸው ወራት ግን መክፈል ነበረበት። እኔ ይህን ውሳኔ የማደንቀው ለሜንዲ ስላደላ አይደለም። በአንድ ሰው ላይ የቀረበን ክስ፣ የሰውየውን እስርና የሰውየውን ሥራ ሳያምታታ ሦስቱንም ለየብቻ ስለመዘነ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ብዙ የክለብ ኃላፊዎች የማያነቡት ሆኖ እንጂ መሠረቱ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ፍርድ እስኪሰጥበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ነገሩን ወደ ደመወዝና ወደ ሥራ ያወርደዋል። አንድ ሠራተኛ ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ቢታሰር፣ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው ወይም ሊያውቅ የሚገባው ከሆነ፣ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይፈርስም። በእገዳው ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪውም ደመወዝ አይከፍልም፤ ሲወጣ ግን ቦታው ይጠብቀዋል። ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻለው ሌላ ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው፦ በፍርድ ቤት በተሰጠ ቅጣት ምክንያት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረ፣ ወይም የተፈረደበት ጥፋት ለያዘው ሥራ የማይበቃ የሚያደርገው ከሆነ። ያኔም ቢሆን አሠሪው የስንብቱን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተም መብቱ ይቀርበታል።

በእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች መካከል ግን አንድ ሰፊ ክፍተት አለ፤ የቦዲቲ ልጅ ሊወድቅበት የሚችለውም እዚያ ውስጥ ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም እያለ ፍርድ ቤቱ በእያንዳንዱ ቀጠሮ እስከ 14 ቀን ሲጨምርለት፣ ተጠርጣሪው ሳይከሰስም ሳይፈረድበትም ሁለት ወር ሊታሰር ይችላል። 30 ቀኑ አልፏል፤ ፍርድ ግን የለም። በዚህ ጊዜ ውሉ ምን ይሆናል? አዋጁ በግልጽ የማይመልሰውን ጥያቄ የክለቡ ውል ራሱ ሊመልሰው ይገባ ነበር። የተጫዋች ውል ግን ስለ ጎል ጉርሻ የሚናገረውን ያህል ስለዚህ አይናገርም።

የወላይታ ሰው እስርና ጥፋት አንድ እንዳልሆኑ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. በክልልነት ጥያቄው ሰሞን የዞኑ አመራሮችና የአገር ሽማግሌዎች ታስረው ነበር፤ ተቃውሞ ተነሳ፣ በሶዶም በቦዲቲም የሰው ሕይወት ጠፋ። የታሰሩት ከቀናት በኋላ በዋስ ተፈቱ። በዚያ ሰሞን የታሰረን ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነው ያለ ጎረቤት አልነበረም። ያው ጎረቤት ግን ተጫዋች ታሰረ ሲባል በአንድ ሌሊት ይፈርዳል፤ ክለቡም ያንን ጩኸት የሕዝብ ድምፅ አድርጎ ይወስደዋል።

ኳስ ከተራ ሥራ የሚለይበት ነገርም አለ። ፊፋ ስለ ተጫዋቾች አቋምና ዝውውር ያወጣው ደንብ ውል በሁለቱ ወገኖች ስምምነት፣ በዘመኑ ማለቅ ወይም በበቂ ምክንያት ካልሆነ አይቋረጥም ይላል። ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠ ካሳ ይከፍላል፤ ካሳውም በዋናነት የሚሰላው በቀሪው የውል ዘመን ነው። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ግን ከሕግ ውጭ ለተሰናበተ ሠራተኛ የሚሰጠው ካሳ ቢበዛ የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ነው። የሁለት ዓመት ውል ቀርቶት ለተባረረ ተጫዋች በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት የቤተሰብ ኑሮ የሚቀይር ነው። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ክለቡ እንዲከፍል ከወሰነና ክለቡ ካልከፈለ፣ ክለቡ ከፌዴሬሽኑ የሚያገኘው አገልግሎት ሊታገድበት ይችላል።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ ላይ መነሳት አለበት፤ በግልጽ ስለማይወራ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ጣሪያ ተወስኖ ነበር። ጣሪያ ባለበት ሁሉ ከወረቀት ውጭ የሚሰጥ ገንዘብ ይፈጠራል። ተጫዋቹም ደስ ይለዋል፤ ግብር የለበትም፣ ማንም አያውቅበትም። ውሉ በሚፈርስበት ቀን ግን ኮሚቴውም ፍርድ ቤቱም የሚያየው ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ብቻ ነው። በቃል የተባለው ሁሉ በዚያች ቀን ይተናል። ሪቻርድስ 10.5 ሚሊዮን ያገኘው የፈረመው እያንዳንዱ ዶላር በውሉ ላይ ተጽፎ ስለነበር ነው።

ይህን ሁሉ ስል ክለብ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ቮይኖቭ ሚስቱን ጎድቶ ሳለ የኪንግስ ማሊያ ለብሶ በማግስቱ ሜዳ ቢገባ ኖሮ፣ በየቤቷ የምትደበደብ ሴት ሁሉ ክለቡ ከማን ጋር እንደቆመ ታውቅ ነበር። ከጨዋታ ማገዱ ትክክል ነበር፤ ያውም በዚያው ቀን መሆኑ። በእኛም አገር ተጫዋች ሲታሰር መጀመሪያ ደጅ የሚጠናው ሽማግሌ ነው። ሽምግልና መልካም ነው፤ ጠብን ያበርዳል፣ ቂምን ያርቃል። ይሁን እንጂ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታዩ ቀላል ወንጀሎች በእርቅ ሊዘጉ ቢችሉም ከባዱ አይዘጋም። ሚስት የተደበደበች እንደሆነ ደግሞ "በሽማግሌ አልቋል" የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የተጫዋቹን ስም ነው፤ የሚሸፈንባት ግን ሴቲቱ ናት። ለክለቡ መመዘኛ መሆን ያለበት የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት መዝገብ እንጂ የሽማግሌዎች ምርቃት አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ከሁለቱም የኪንግስ ታሪኮች የተሻለውን መውሰድ ነው። ተጫዋቹ ሲታሰር ክለቡ ወዲያው ከጨዋታ ያግደው፤ እገዳው ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው። ተጫዋቹ በዋስ ከወጣ ይጠራና ይሰማ፤ ወላጅ ወይም ጠበቃ አብሮት ይቀመጥ። የክለቡ የራሱ ማጣራት ከፖሊስ ምርመራ የተለየ መሆኑ ይታወቅ፤ ተጫዋቹ ለክለቡ ዋሽቶ እንደሆነ፣ ልምምድ ጥሎ እንደሆነ፣ የቡድን ጓደኛውን ጎድቶ እንደሆነ ክለቡ ራሱ መርምሮ ሊቀጣ ይችላል፤ ለዚህ ፍርድ ቤት አይጠበቅም። ውሉን የሚያፈርሰው ግን ፍርድ ወይም በማስረጃ የተረጋገጠ፣ በውሉ ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ጥፋት ሲሆን ብቻ ይሁን። ከሁሉ በላይ ኮከቡ ቢሆንም ተቀያሪው ቢሆንም መስፈሪያው አንድ ይሁን። ይህ ሲሆን ክለቡ ፍትሐዊ ብቻ ሳይሆን ከዕዳም የዳነ ይሆናል፤ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር በሚመድበው በጀት የሚተዳደር ክለብ ካሳ ሲፈረድበት የሚከፍለው ከሕዝብ ገንዘብ ነውና።

ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሚቀጥለው የዝውውር ጊዜ በፊት ክለቡ የውሉን ናሙና ከአንድ የሕግ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያነብ በቂ ነው። ተጫዋች ቢታሰር ምን ይደረጋል፣ 30 ቀን ካለፈ ደመወዙ ምን ይሆናል፣ ነጻ ቢባል መቼ ይመለሳል፣ ቢፈረድበት ስንብቱን ማን ይፈርማል፤ እነዚህን የሚመልስ ግማሽ ገጽ ከዓመታት ክርክር ያድናል። ሶዶ አሁን ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ነች፤ ጠበቃም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ ፍርድ ቤትም በአቅራቢያ አለ።

ለቦዲቲ ወላጆችም አንድ ልመና አለኝ። ልጅዎ ሊፈርም ሲሄድ ብቻውን አይላኩት። ወኪል ነኝ ያለው ሰው በችኮላ ገጹን ሲያገላብጥ እጁን ያስቁሙት፤ አማርኛው ከከበደ በወላይትኛ ያስረዱለት፤ የግዴታውን አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብበው። ልጁ 18 ዓመት ካልሞላው በፊፋ ደንብ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስር ውል ሊፈርም አይገባውም። ከወረቀት ውጭ እሰጥሃለሁ የሚባለውን ገንዘብ ወረቀት ላይ ያስገቡት። ማህተም ያረፈበትን አንድ ቅጂ ሳይዙም ከቢሮው አይውጡ።